ቀለሙ ያምራል

«የተከበራችሁ የ‹ለብሼ ልንገርሽ› ተከታታዮች፣ ዛሬ በታላቅ አክብሮት የማበስራችሁ ጉዳይ አለ» አለች ያይራ፤ ካኪ የትምህርት ቤት ልብሷን ሳትቀይር ሳፋው ፊት ቁጢጥ ብላ። «ጨርቅ ላጥብ ነው።»

ስልኩን የያዘችላት ጓደኛዋ ማሳን ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። ጨርቅ ማጠብ በቶኮይን ሰፈር ዜና ሆኖ አያውቅም። በዚያች ሰዓት፣ በዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሌሎች ሴቶችም እያጠቡ ነበር፤ አንዳቸውም ለሕዝብ አላበሰሩም። ያይራ ግን ሁልጊዜ የምትጀምረው እንዲህ ነው። የገጿ ሕግ ነው። መጀመሪያ ታጥባለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ ለብሳው ትውላለች፣ ከዚያ በኋላ ትናገራለች። የሚጨማደደውን ይጨማደዳል፣ ብብት ላይ የሚይዘውን ይይዛል ትላለች። መጀመሪያ የሚሰሟት የክፍሏ ልጆች ብቻ ነበሩ። አሁን የአሲጋሜ ገበያ ሴቶች ሳይቀሩ ጨርቅ ከመግዛታቸው በፊት «ቆይ፣ ያቺ የምታጥበው ልጅ ምን አለች?» ይላሉ።

ከሰማያዊው ጨርቅ የቆረጠችውን ቁራጭ ውሃው ውስጥ ነከረችው።

«እንግዲህ ትንሽ እንጠብቃለን» አለች ለስልኩ።

ብዙ አላስጠበቃቸውም። ከጨርቁ ጠርዝ ቀጭን ሰማያዊ ክር የመሰለ ነገር ወጣና ውሃው ውስጥ ተጠማዘዘ። ቀጥሎ ሌላ ወጣ። ከዚያ የሳፋው ታች መታየቱን ተወ። ያይራ ውሃውን ደፍታ ሌላ ቀዳች። እሱም ሰማያዊ ሆነ። ደግማ ቀዳች።

«ከላይ ከላዩ ያለው ትርፍ ቀለም ይሆናላ» አለች ማሳን።

«ሦስተኛ ውሃ እኮ ነው!»

«ብዙ ትርፍ አለው ማለት ነዋ።»

ያይራ አልሳቀችም። ማሳን ስልኩን ዝቅ አደረገች።

«ልቁረጠው?»

«ምኑን?»

«ቪዲዮውን ነዋ!»

ያይራ እጇን አየች። እስከ አንጓዋ ድረስ ሰማያዊ ሆኗል።

ጨርቁ የመጣው ባለፈው ቀን ነው፤ በሪባን ታስሮ። ያይራ በሪባን የታሰረ ነገር ተቀብላ አታውቅም ነበር፤ ሪባኑን መፍታት ከብዷት ጨርቁን በጎን በኩል ጎትታ ነው ያወጣችው። የላኩት ዳቪ ዴዴ ናቸው፤ ሰፈሩ ‹ዳቪ› የሚላቸው እትዬ ለማለት ነው። ዳቪ ዴዴ በአሲጋሜ ትልቅ የጨርቅ ነጋዴ፣ በቶኮይን ደግሞ ትልቅ በረንዳ ያለው ቤት ባለቤት ናቸው። ሲሄዱ ሽቶአቸው ቀድሟቸው ይደርሳል፤ ሰውም ሳያያቸው ይነሳላቸዋል።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እንዲህ በይልኝ እንዲያ በይልኝ አልልሽም» አሏት። «ስጦታ ነው። ከወደድሽው ወደድኩት በይ። ካልወደድሽው ደግሞ…» እዚህ ላይ ፈገግ ብለው ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት። «እኔ የምወድልሽ እውነተኛነትሽን ነው። እውነተኛ ሰው ዘንድሮ የት ይገኛል?»

ለጨርቁ ስም ወጥቶለት ነበር። በአሲጋሜ ስም ያልወጣለት ጨርቅ ገዢ አያገኝም፤ ስም የሚያወጡት ደግሞ ሻጮቹ ሴቶች ናቸው። ዳቪ ዴዴ ይህንን «ጎረቤቴ ትየኝ» ብለውታል። ጠርዙ ላይ በትንንሽ ፊደል ሆላንድ እንደተሠራ ተጽፏል። የሆላንድ ጨርቅ ማለት እናት ለልጇ የምታወርሰው ጨርቅ ነው፤ ሃያ ዓመት ቢታጠብ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም።

አሁን ደግሞ ስለ በረንዳው። የያይራ እናት ኤንዮናም ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ የቆመችው ዳቪ ዴዴ በረንዳ ላይ ነው። ኪራይ አትከፍልም። ዳቪ ዴዴ ስለ በረንዳው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም፤ ኤንዮናምም ከበረንዳው ሌላ ነገር አስባ አታውቅም።

ማምሻውን እናቷ ስትገባ ሳፋው እንዳለ ተቀምጦ ነበር።

«ይሄ ምንድነው?»

«የዳቪ ጨርቅ ነው እማ።»

ኤንዮናም ጎንበስ ብላ ጣቷን ነከረች። አውጥታ ብርሃን ላይ አየችው፤ ከአውራ ጣቷ ጋር አሸት አሸት አደረገችው። በሽታውን አውቆ ለበሽተኛው የማይናገር ሐኪም መሰለች።

«ሰው አይቷል?»

«ማሳን ብቻ።»

«ድፊው።»

«እማ…»

«ቧንቧው ጋ ሳይሆን፣ ከጓሮ ድፊው።»

ያይራ አልተንቀሳቀሰችም። «ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ማንን?»

«ሰዎቹን። የገጹን ሰዎች።»

እናቷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ የመኪናዋን መርገጫ የረገጡ እግሮቿን አንድ በአንድ አሻሸች።

«ውሸት ተናገሪ አልወጣኝም» አለች በመጨረሻ። «ልጄን ውሸት አላስተማርኩም። እውነት የሆነውን ፈልጊና እሱን ተናገሪ። ይኼን የሚያህል ጨርቅ አንድ እውነት አያጣም።»

ያይራ ሳፋውን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

*

ካልታጠበው የጨርቁ ክፍል እናቷ ቀሚስ ሰፋችላት። ወገቡ ልክክ ያለ፣ እጅጌው እንደ ደወል የተነፋ ነበር። ያይራ ለብሳው አጥሩ ፊት ቆመች፤ ማሳን ስልኩን ደገነች።

«ይሄ ጨርቅ ስጦታ ነው» አለች ያይራ። «የሰጡኝ ዳቪ ዴዴ ናቸው። ቀለሙ በጣም ያምራል። መንገድ ላይ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል።» ቆም አለች። ሌላ እውነት ፈለገች። «በጣም ሰማያዊ ነው» አለች።

ማሳን ቪዲዮውን ዘጋችና አጨበጨበች። «አቦ፣ ፏ ብለሻል! ደሞ ምን ያስፈራሻል? ስጦታ ነው ብለሻል። ያምራል ብለሻል። ሰማያዊ ነው ብለሻል። የቱ ነው ውሸቱ?»

«ስለ ማጠቡ አላልኩም።»

«አልጠየቁሽማ።»

ጠየቋት። ቪዲዮው ከወጣ ገና የምሳ አዪሞሉዋን፣ ሩዝና ባቄላዋን፣ በልታ ሳትጨርስ የመጀመሪያው አስተያየት መጣ። የጻፈው ሰው ስምም ፎቶም የለውም። የጻፈው አንዲት ቃል ነው፤ «ታጠበ?»

ያይራ «አዎ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው። «ገና ነው» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። «ታጥቦ ነበር ግን» የሚለውን ስትጀምር «ግን» ላይ ቆመች። እሷ እዚያ ቆማ ሳለ ጥያቄውን የሚወዱ ሰዎች እየበዙ ሄዱ። ከቪዲዮው ይልቅ ጥያቄው ላይክ አገኘ። ከሰዓት በኋላ ዳቪ ዴዴ ራሳቸው ከሳቅ ምልክት ጋር መለሱላት፤ «እናንተ ልጆች፣ አዲስ ጨርቅ የሚያጥብ ማነው? ያምራል ተብላችኋል እኮ!»

ከዚያ ማንም አልጠየቀም። ገጹ ጸጥ አለ፤ አድናቆቱ ቀጠለ። አንዳንዶቹ «እሷ ካለች አለች ነው» ብለው ጻፉ። ያይራ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስታነብ ስልኩን በግንባሩ ደፋችው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ጠብቆ፣ «ያይራ! ለብሰሽ ነው የነገርሽን ወይስ ተነግሮሽ ነው የለበስሽው?» አላት። ክፍሉ ሳቀ። ማሳን ዞር ብላ «አንተ ሸሚዝህን ስትለብስ ማን እንደነገረህ እኛም ብናውቅ ደስ ይለን ነበር» አለችው፤ ክፍሉ የበለጠ ሳቀ። ያይራም አብራ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ፊቷ እንደሳቀ ቀረ፤ ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ፈጀበት።

*

በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ባልቴት ማማ አብላቪ ሞቱ። ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ ልጆቻቸውን ስም ማምታታት ጀምረው ነው የሞቱት፤ እንዲህ ያለ ሞት ደግሞ በሰማያዊና በነጭ ነው የሚሸኘው። ሬሳው ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ የቤተሰቡን ውሳኔ ይጠብቅ ጀመር። የቀብር ኮሚቴው ስለ ምግቡ በአንድ ስብሰባ፣ ስለ ጸሎቱ በግማሽ ስብሰባ ተስማማ። ስለ ጨርቁ ግን ስብሰባው አላልቅ አለ። ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ የደብሩ ማኅበር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጨርቅ ነው የሚለብሰው፤ ከጨርቁ ደግሞ የቤተሰቡ ልክ ይታያል። የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ሰፈሩ ሁሉ አጎት ለማለት ቶንቶን የሚላቸው ጡረተኛው የጉምሩክ ሹም ቶንቶን ጋስፓር፣ «ሆላንድ ካልሆነ አክስቴን አልቀብርም» አሉ። ማማ አብላቪ ከዚያ በኋላም ማቀዝቀዣው ውስጥ ቆዩ።

አንድ ቅዳሜ ቶንቶን ጋስፓር በረንዳው ላይ መጡ። ያይራ ለእናቷ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቶንቶን ጋስፓር የለበሱትን ሸሚዝ ስታይ መርፌው ጣቷን ወጋት። «ጎረቤቴ ትየኝ» ነው፤ በቅርቡ የተሰፋ፣ ገና የሚያንጸባርቅ።

«ኤንዮናም፣ ጀርባሽን አዘጋጂ» አሉ። «ሥራ ሊመጣልሽ ነው። ኮሚቴው ወስኗል። ሰፈሩ በሙሉ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው።» ወደ ያይራ ዞሩ። «ያንቺንም ቪዲዮ በስብሰባ ላይ አይተነዋል። ምክትሌ ‹ይቺ ልጅ ስለ ጨርቅ አትዋሽም› አለች። በአንድ ድምፅ አለፈ።»

መኪናዋ መዞሯን አላቆመችም። ያይራ ግን ቁልፉን አስቀመጠች።

«ቶንቶን…»

«አቤት?»

«ጨርቁ ቀለም ይለቃል።»

መኪናዋ ቆመች።

ቶንቶን ጋስፓር ወደ ደረታቸው አዩ፤ ሸሚዛቸውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። «ማን አለ?»

«አጥቤው ነበር። ሆላንድም አይመስለኝም።»

«ጠርዙ ላይ ተጽፏል እኮ የኔ ልጅ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ዕቃ ላይ የተጻፈ ሳነብ ነው።» ሳቅ አሉ፤ ግን ሳቃቸው ዓይናቸው ድረስ አልወጣም። «ምን ያህል ለቀቀ?»

«ብዙ።»

«ለአንድ ቀን ነው የሚለበሰው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደሞ በቀብር ቀን ማን ያጥበዋል? ማማ አብላቪ አያዩትም። የቀረነው ደግሞ አንናገርም።» ከዚያ ድምፃቸውን መልሰው ከፍ አደረጉ፤ ከግቢው ውስጥ የዳቪ ዴዴ ሽቶ መጥቷልና። «ሆላንድ ሆላንድ ነው! ምን ጥያቄ አለው? እኔ ራሴ ስጦታ ተሰጥቶኝ ለብሼው ነው የወሰንኩት!»

ዳቪ ዴዴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አልታወቀም። «ምን ትላለች ልጃችን?» አሉ በፈገግታ።

የመለሰችው እናቷ ናት። «ቀለሙ ያምራል ትላለች» አለች ኤንዮናም፤ መኪናዋንም እንደገና አስነሳች።

*

ሰፈሩ እንደተባለው መጣ። በረንዳው በሰማያዊ ጣቃ ተሞላ። የቀብር ጨርቅ ሳይታጠብ ነው የሚሰፋው፤ ከታጠበ ማንጸባረቁ ይጠፋል፣ ማንጸባረቁ ከጠፋ ሰው «የአምናውን ለብሳ መጣች» ይላል። ስለዚህ ማንም አላጠበም። ግን ጨርቅ መንካት አይቀርም። ሴቶቹ ልብሳቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በሁለት ጣታቸው ያዝ ያደርጉታል፤ ከዚያ ጣታቸውን ያያሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ጉርዳቸው ውስጠኛው በኩል ይጠርጉና «ሆላንድ መቼም ሆላንድ ነው!» ይላሉ፤ በጣም ጮክ ብለው። አጠገባቸው ያለችውም «ታዲያስ!» ትላለች፤ እሷም ጣቷን እየጠረገች። አንዳቸውም የገዙት ርካሽ ነው እንዲባል አይፈልጉም። ሁሉም ያወቀውን ነገር ያወቀ ሰው ግን አልነበረም።

የኤንዮናም ጣቶች ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። ማታ ማታ በሎሚና በጨው ታሻቸዋለች፤ ጠዋት መልሰው ሰማያዊ ይሆናሉ። ዳቪ ዴዴ አንድ ቀን እጇን አይተው «ጠመኔሽን ቀይሪ ኤንዮ፣ ቆሻሻ ነው» አሏት። «እሺ ዳቪ» አለች። የኤንዮናም ጠመኔ ነጭ ነበር።

ያይራ ሁለተኛ ቪዲዮ ቀረጸች። ማሳንን አልጠራችም፤ ስልኩን ግንቡ ላይ አስደግፋ ብቻዋን ነው የቀረጸችው። «ያኔ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ» ብላ ጀመረች፤ ሳፋውንም፣ ሦስቱንም ውሃ፣ እጇንም ተናገረች። ስትጨርስ ደግማ አየችው። የራሷ ድምፅ ነው። መልቀቅ ብቻ ነበር የቀራት።

ዞር ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሰማሁ» አለች ኤንዮናም።

«እማ፣ ሰው እኔን አምኖ ነው የገዛው።»

«አውቃለሁ።»

«አትለጥፊው ልትይኝ ነው?»

«አይደለም። አልከለክልሽም።» ኤንዮናም ገብታ ክፍሏን ዙሪያዋን አየች፤ አልጋውን፣ የድስቶቹን መደርደሪያ፣ ያይራ መጽሐፏን የምታስቀምጥበትን ሣጥን። የምትለካ ይመስል ነበር። «መኪናዋን የት እንደምናቆማት ብቻ ንገሪኝ። አንቺ ነግረሽኝ፣ ከዚያ ለጥፊው።»

ያይራ እሷም ዙሪያዋን አየች። አልጋውን ወደ ግድግዳው ብታስጠጋው በሩ አይከፈትም። ሣጥኑን ብታወጣው ዝናብ ይመታዋል። መኪናዋ ብትገባ እንኳ ደንበኛ የሚቆምበት የለም። ሐሳቧ በክፍሏ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ሲደክመው እናቷን አየቻት፤ እናቷ መልስ እየጠበቀች ነበር። እየተሳለቀች አልነበረም። እውነቷን ነበር የምትጠብቀው።

ቪዲዮው ስልኩ ውስጥ ቀረ።

*

የቀብሩ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ከባሕሩ በኩል እንኳ ትንፋሽ ጠፋ። አደባባዩ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ቶንቶን ጋስፓር ከአከራይ ያስመጧቸው አዲስ ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደረደሩ። «ከላስቲካቸው እኔ ራሴ ነኝ ያወጣኋቸው» ይሉ ነበር ለሚመጣው ሁሉ። ሰዉ ሰማያዊ ሆኖ ይጎርፋል። በእርግጥም ያምር ነበር። ያይራ በዚህ ነገር ዋሽታ አታውቅም።

ዳቪ ዴዴ ሲመጡ ሰው ተነሳላቸው። እሳቸውም «ጎረቤቴ ትየኝ»ን ለብሰዋል፤ እስከ ራስ መሸፈኛው ድረስ። ለሁሉም እንዲሰማ «እኔ ከሰው አልለይም» አሉ። «ያለበሳችሁኝን ለበስኩ!» ሴቶቹ ሳቁ፤ አንዷ እልል አለች። ከፊተኛው ረድፍ መሀል ላይ አስቀመጧቸው።

«ያይራዬ» አሉ እጇን ይዘው። እጃቸው ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር። «ላይቭ ታስተላልፊያለሽ፣ እሺ? ፈረንሳይ ያሉት የማማ አብላቪ የልጅ ልጆች እየጠበቁ ነው። ጨርቁንም ሕዝቡ ይየው። እኔ ምንም በይ አልልሽም።»

«እሺ ዳቪ።»

ማሳን ጎትታ ወደ ኋላ ወሰደቻት። «ከፊት ሆነሽ ምን ታያለሽ? ሁሉም አንድ ዓይነት ሲለብስ ከኋላ ነው የሚያምረው። እዚህ አግዳሚ ላይ ውጪ።» ያይራ ወጣች። የራሷ ቀሚስ ብብቱ ላይ ረጥቧል። ስልኩን ከፍ አደረገችና ላይቩን ጀመረች። ያን ቀን ስለ ጨርቁ ምንም አልተናገረችም። ምን እንደምትል ቀኑን ሙሉ ስትፈልግ ነበር፤ አላገኘችም።

ቶንቶን ጋስፓር ንግግራቸውን ያዙ። የማማ አብላቪን የሕይወት ታሪክ ከልጅነታቸው ጀመሩ፤ ለብዙ ጊዜም ከልጅነታቸው አልወጡም። የድንኳኑ ላስቲክ ሙቀቱን ወደ ታች ይተፋል። ሰዉ በወረቀት ያራግባል፤ አንገቱን ይጠርጋል፤ ወንበሩ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። የሙዚቀኞቹ መለከቶች ጭን ላይ ተኝተዋል። ማማ አብላቪ ባል ሲያገቡ ጸሎቱን የሚመራው ካቴኪስት ሁለት ጊዜ አዛጋ። ልጅ ሲወልዱ ደግሞ ትዕግሥቱ አለቀና ተነስቶ ማይኩን በትሕትና ከቶንቶን ጋስፓር እጅ ወሰደው።

«ለጸሎት እንነሳ» አለ።

ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ተነሳ። ከላይ ሆና የምታየው ያይራ ስልኩን በተዘረጋ ክንዷ እንደያዘች ነበር።

ወንበሮቹ ነጭ አልነበሩም።

በእያንዳንዱ ወንበር ላይ፣ ሰው በተቀመጠበት ቦታ፣ ሰማያዊ ማኅተም አርፏል። አንዳንዱ ሰፊ፣ አንዳንዱ ጠባብ፣ አንዳንዱ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ። ረድፍ ለረድፍ ሄዶ እስከ ፊት ይደርሳል። መጀመሪያ ያየችው ከኋለኛው ረድፍ ያለች ሴት ናት፤ ፊቷ ያለውን ወንበር አየች፤ ዓይኗን ወደ ሰማይ አነሳች፤ መልሳ አየችው። ከዚያ አንገቷን በጣም በቀስታ አዙራ የራሷን ወንበር አየች። ከጎኗ ያለችውም እንደዚያው አደረገች። አንገቶች ከኋላ ወደ ፊት እየዞሩ ሄዱ። ካቴኪስቱ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚጸልይ ምንም አላየም።

የሁለተኛው ረድፍ ሰዎች ወደ ፊተኛው ረድፍ ሲያዩ ግን ዓይናቸው እዚያው ቀረ። የቶንቶን ጋስፓር ወንበር ሰማያዊ ነው። የምክትላቸው ሰማያዊ ነው። መሀል ላይ ያለው ወንበር፣ የዳቪ ዴዴ ወንበር፣ ከላስቲኩ ሲወጣ እንደነበረው ነጭ ነው።

«አሜን» አለ ካቴኪስቱ። «እንቀመጥ።»

ማንም አልተቀመጠም።

ዳቪ ዴዴ ብቻ እንደልማዳቸው ለመቀመጥ ጎንበስ አሉ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ብቻቸውን መሆናቸው ታወቃቸው። ቀና አሉ። ዞረው ከኋላቸው የቆመውን ሕዝብ አዩ፤ ሕዝቡ የሚያየውንም አዩ። ፊታቸው ምንም አልሆነም። የእጅ ቦርሳቸውን ቀስ አድርገው ነጩ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ቦርሳው ትንሽ ነበር።

ከዚያ ዓይናቸው ወደ ላይ ወጣና አግዳሚው ላይ ያይራን አገኛት። መዳፋቸውን ወደ መሬት ገልብጠው ሁለት ጊዜ ዝቅ ዝቅ አደረጉት፤ በትንሹ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው።

«አውርጂው» አለች ማሳን በሹክሹክታ። «ያይራ፣ ላይቭ ነው እኮ! አውርጂው!»

ኤንዮናም ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከአግዳሚው ልክ ፊት ነበር የቆመችው። የዳቪ ዴዴን እጅ አየች። ዞር ብላ ቀና ብላ ልጇን አየች። ሰማያዊ ጣቶቿን ጉርዷ ላይ አጣጥፋ፣ ስልኩን እንዳትጋርድ፣ ግማሽ እርምጃ ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

የያይራ ክንድ ዝሎ ነበር። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።